ያልጠፉት ላፕቶፖች

ሰብሊ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። ማንኩሳ ላይ ረዳቱ "እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲል እንኳ አልሰማችውም። ጠዋት ቡሬ ያለች ባልደረባዋ ደውላ፣ "ለካ አልሰማሽም? እትዬ እናኑን እኮ ላፕቶፕ ሰርቀሻል ብለው ባለፈው ሳምንት ከሥራ አገዷቸው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት!" ብላታለች።

እትዬ እናኑ በቡሬ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። የመጋዘኑን ቁልፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚሄዱ፣ አንዲት እስክሪብቶ እንኳ ሳያስፈርሙ የማያወጡ፣ ጡረታ የደረሱ ሴት። ሰብሊ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ሆና የዞኑን መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተርና ኔትወርክ የምትከታተል ባለሙያ ነች። አንድም የጠፋ ላፕቶፕ እንደሌለ ልቧ ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ከበላይ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣ፤ በየማለዳው ኔትወርኩን ራሱ እየዞረ ያገኘውን መሣሪያ ሁሉ ራሱ ይመዘግባል። ከእንግዲህ ሰው መቁጠር ቀረ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሰብሊ ስታየው የላፕቶፑ ብዛት እጥፍ ሆኗል። ድርብ የመሰሏትን መርጣ አጠፋች። በማግስቱ ፍለጋው ሲያልፍ ሁሉም ተመልሰው ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

"አቶ ወንዳወቅ፣ ይህ ቁጥር ልክ አይደለም። ምክንያቱን እስካገኘው ድረስ ለማንም እንዳይላክ።"

ወንዳወቅ ስክሪኑን አይቶ ፈገግ አለ። "ማሽን ይዋሻል እንዴ? ዕቅዳችንን ከመቶ በላይ አሳክተናል ማለት ነው። ተይው።"

ቁጥሩ እንዳለ ሪፖርት ሆኖ ሄደ። ወራት አልፈው ተቆጣጣሪዎች ያንኑ ቁጥር ይዘው ቡሬ ወረዱ። መጋዘኑንም ቢሮውንም ቆጠሩ፤ ያገኙት ግማሹን ነው። "የቀረውን የት አደረስሽው?" አሏቸው እትዬ እናኑን፣ ግቢው መሃል አቁመው። የቢሮው ኃላፊም እዚያው ሠራተኛው ፊት ሌባ ብሎ አገዳቸው።

ሰብሊ ቡሬ እንደወረደች መጀመሪያ የሄደችው እሳቸው ቤት ነው።

"እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ?"

"መሰንበት ካልሽው፣ ልጄ።" ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። "ትናንት የማርያም ጽዋ ነበር። ዳቦው ሲቆረስ አጠገቤ የነበረችው ቀስ ብላ ራቀችኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ የእኔው ግን ቀድሞኝ ተቀበረ።"

ሰብሊ ብድግ አለች። ቀጥ ብላ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። የቢሮውን ኃላፊ አቶ ተስፋውን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችና አንድ ላፕቶፕ ከፊቱ አኖረች።

"ይህን ይመልከቱ። አሁን በኬብል ነው የተገናኘው። የፕሮግራሙ መዝገብ ላይ ይኸውና።" ኬብሉን ነቀለችው፤ መዝገቡ ላይ ስሙ ጠቆረ። ዋይፋዩን አበራችና ፕሮግራሙ ፍለጋውን እንደገና እንዲያካሂድ አዘዘችው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መዝገብ፣ ሌላ አድራሻ ይዞ ብቅ አለ።

በመንገድ ላይ የጠረጠረችው ያን ጊዜ ተረጋገጠላት። ፕሮግራሙ ማሽኖቹን የሚለየው በኔትወርክ ካርዳቸው አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ላፕቶፕ ደግሞ ሁለት ካርድ አለው፤ አንዱ የኬብል፣ አንዱ የዋይፋይ። አንዱን ማሽን ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። ላፕቶፑን ገልብጣ ሆዱ ላይ የታተመውን የፋብሪካ ቁጥር አሳየችው። "ይህ ግን አንድ ነው። ሁለቱም መዝገብ ይህ ላፕቶፕ ነው። የተሰረቀ የለም!"

ተስፋው ላቡን ጠረገ። "እኔ እኮ የበላይ አካል ያለኝን ነው የፈጸምኩ።"

"የበላይ አካል ሴትዮዋን ግቢ መሃል አቁመህ ስደባት አለህ?" አለችው፤ "እርስዎ" ማለቱንም ረሳችው።

ፍኖተ ሰላም ተመልሳ ለወንዳወቅ ነገረችው። እሱ ግን ወደ በሩ ሄዶ ገርበብ አደረገው። "ገብቶኛል። ግን ግምገማው ይለፍ። አሁን ቁጥሩ በግማሽ ቢወርድ ምን እንባላለን?"

"እትዬ እናኑ ሌባ ተብለዋል!"

"ለሳቸው ቀስ ብለን እናስብላቸዋለን።"

ሰብሊ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፕሮግራሙ ማሽኖቹን በፋብሪካ ቁጥራቸው እንዲለይ አደረገችው፤ መንታ የሆኑትንም አንድ በአንድ አዋሃደች። በማግስቱ ፍለጋው ሲያልፍ የተመለሰ አልነበረም። እውነተኛውን ቁጥር ለተቆጣጣሪዎቹ ራሷ ላከችው።

በግምገማው ቀን ወንዳወቅ ተነስቶ የሰብሊ ችግር የአመለካከት ነው አለ። የኪራይ ሰብሳቢነት አዝማሚያ አለባት፣ የሕዝብን ስኬት ታጣጥላለች አለ። አንገቱን የደፋው በዛ። ሰብሊ ግን ቆመች። "አንድን በሬ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ጥንድ አለኝ የሚል ገበሬ ጎጃም ውስጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በአንድ በሬ ማን ያርሳል?" አለችና ወጣች። ከኋላዋ የሳቀ ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን አላየችም።

ለእትዬ እናኑ ከቢሮው "ሥራ ይግቡ" ብለው ደወሉላቸው። አሻፈረኝ አሉ። "ግቢ መሃል የተባልኩትን ግቢ መሃል አንሱልኝ።" ተስፋው ሲያመነታ ሰንብቶ በመጨረሻ ሠራተኛውን ሰበሰበ። "እንግዲህ... ስህተቱ የማሽኑ ነው" ብሎ ሊያልፈው ሲል እትዬ እናኑ አቋረጡት።

"ማሽኑማ ሌባ አላለኝም። ሌባ ያለኝ አፍ ያለው ሰው ነው።"

ተስፋው መሬት መሬት እያየ ይቅርታ ጠየቀ። እትዬ እናኑ ቁልፋቸውን ተቀብለው መጋዘናቸውን ከፈቱ። ከተቆጣጣሪዎቹ ግን አንድም ሰው ብቅ አላለም።

ሰብሊን "ለሥራው መሻሻል" ብለው ቋሪት አዛወሯት። በወረዳው ከተማ በገበዝ ማርያም መብራቱም ኔትወርኩም ሲመጣ ይመጣል፤ ሲጠፋ ይከርማል። ወንዳወቅ በዚያው ዓመት ሹመት አግኝቶ ባሕር ዳር እንደገባ የሰማችው እዚያ፣ መሰላል ላይ ሆና ኬብል ስትዘረጋ ነው። ወሬውን ያመጣላት ባልደረባ "መቼም እግዜር ያየዋል" አላት።

"እግዜርማ አይቷል" አለችው፤ ሚስማሩን እየመታች። "አይተን እንዳላየ ያለፍነው እኛ ነን።"