ስለቱን የረሳው ባለወፍጮና እኔ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ስትነሳ ድምጿ ተዘግቷል። ከሰዓት ደግሞ ትምህርት ቤቷ በሚያሳየው የቼክ ኦፔራ ላይ ትዘፍናለች። ቶርንተን ከተማ ያለውን የሥራ ሺፍቴን ካንስል አደረግኩ፣ ዝንጅብል አፈላሁ፣ ማር ጨመርኩ፣ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩ።

«ዳድ፣ ሪላክስ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ኦፔራው ብዙም አይታወቅም። አስተማሪዋ እንዳለችው፣ ቲያትር ቤቱ አልቀበልም ብሎት ደራሲው መድረክ ላይ ሳያየው ሞተ። ለካ በዚህ ኦፔራ የምጨነቀው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ታሪኩ፦ ባለወፍጮ ልጁ ስትታመምበት ለወንዝ መንፈስ ፈረሱን ይሳላል። ልጅቷ ስትድን ይረሳዋል። መንፈሷ ስለቷን ልትቀበል ትመጣለች።

መንፈሷን ሆና የምትጫወተው የኔ ልጅ ናት። «የታል ፈረሴ?» ብላ ስትዘፍን ድምጿ ጥርት ብሎ ወጣ።

ባለቤቴ ጎሸም አደረገችኝ። «አምና ለመንጃ ፈቃዷ የተሳልከውስ?»

እናንተስ ተስላችሁ የረሳችሁት የለም?

የአምናውም የዛሬውም ጃንጥላ ገና አልገባም።