በሚስቱ ፍላሽ የጾመው ባሌ

ትናንት ከሰዓት ሽማግሌ መጣብኝ... አዎ፣ የሁለት ልጆች እናት ለሆንኩት ለእኔ! የላካቸው ባሌ ደሴ ነው። አኩርፌ ከአርብ ገበያው ቤታችን ወጥቼ ወገዳ እናቴ ቤት ከገባሁ ሳምንት ሆኖኝ ነበር።

ቆይ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ።

አንድ የድሮ የቴሌቪዥን ኮሜዲ አለ። አንዲት ክፉ አከራይና በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮቿ የሚናጩበት። ልጅ ሆነን እዚሁ ወገዳ፣ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት፣ እሁድ እሁድ መሬት ላይ ተኮልኩለን ነው ያየነው። አድጌ፣ አግብቼ፣ ወልጄም ፍቅሩ አልወጣልኝም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ከስንቱ ሰው ቤት፣ ከስንቱ የቪዲዮ ካሴት ለቃቅሞ አንድ ፍላሽ ሞልቶ ላከልኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀን ሱቄ ውስጥ ከፍቼው የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ስስቅ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ቤት ይዤው እገባለሁ።

ደሴ ግን... ኧረ የእኛ አገር ወንድ! ጥርሱን ሰው ካየበት የሚወስድበት ይመስለዋል። ቲቪው ሲከፈት ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥና «ኧረ ቀንሽው፣ ይሄ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» ይለኛል። ሁልጊዜ! እኔ ብቻዬን ስንከተከት የለየላት እብድ እመስላለሁ።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ይሄ ሰውዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፍላሼን ሳይነግረኝ ኪሱ ከትቶ ስልክ ቤት ሄደ። «ለጾሙ መዝሙርና ስብከት ጫኑልኝ» አለ። «ሞልቷል» ሲሉት «አጥፉትና ጫኑ» አላቸው። በቃ! የልጅነቴን እሁድ ሁሉ!

ሰክቼው መዝሙር ሲመጣ ፍላሽ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ስጠይቀው ደግሞ መልሱ... «ጾም አይደል እንዴ? ሲፈታ መልሰሽ ትጭኛለሽ።» ከየት አባቴ ነው የምጭነው?! አንድ ፎቶ ለመላክ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት በሚወጣበት አገር!

ይበልጥ ያንገበገበኝ ደግሞ መናገር አለመቻሌ ነው። መዝሙር ጫነ ብዬ ባለቅስ ማን ከእኔ ጋር ይቆማል? ጎረቤት ሁሉ «በጾም ምድር ለኮሜዲ ታለቅሳለች!» ሊለኝ ነው። ጨርቄን ማቄን ሳልል ወገዳ ገባሁ።

ትናንት እንግዲህ በዚያ መንገድ አቧራ ለብሰው መጡ። የንስሐ አባታችን፣ ጎረቤታችን አያ ሙላት፣ ከኋላቸው አንገቱን የደፋው ደሴ። እናቴ ንፍሮ አቀረበች። አያ ሙላት ጀመሩ።

«መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«ጠጥቶ ሰደበሽ?»

«ኧረ አይጠጣም።»

«ሌላ ሴት ያዘ?»

«እሱን! በዚህ ፊቱ ማን ያየዋል?»

«ታዲያ ምን ቀረ ልጄ?»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ውርደቴ መጣ ብዬ፣ እንባዬ እየቀደመኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባታችን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አሁን ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ደሴ ዞሩ።

«ፍላሹ የማን ነው?»

«የእሷ ነው አባቴ።»

«ስማ ልጄ፣ ሰው የሚጾመው በገዛ ሆዱ ነው። በሚስቱ ፍላሽ አይደለም።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ! አፋቸው ቁርጥ ይበልልኝ!

ቀጥለው ደግሞ ወደ እኔ ዞረው «ለመሆኑ ምን ቢሆን ነው እንዲህ ያንገበገበሽ? እስኪ አንዱን አውሪልን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ የአጎትየውን ክፍል ጀመርኩላቸው። አከራይዋ እንግዳ ማሳደር ከልክላለች። ተከራዩ ደግሞ ከገጠር የመጣ አጎቱን ደብቆ አሳድሯል። «አጎትየው አልጋ ስር ሆኖ ሲያስነጥስ አከራይዋ...»

«ቁምሳጥን ውስጥ ነው» አለ አንድ ድምፅ።

ደሴ! አንገቱን እንደደፋ።

«አልጋ ስር ነው» አልኩት።

«ቁምሳጥን ውስጥ! አልጋ ስር የተደበቀችውማ ይዟት የመጣው ዶሮ ናት» አለና ቀና አለ። «አከራይዋ ‹ማነው ያስነጠሰው?› ትላለች። ተከራዩ ‹ድመት ነው› ይላታል። ‹ለድመትም አላከራይም!› ስትል አጎትየው ቁምሳጥኑን በርግዶ...» ደሴ ተነሳ። ጋቢውን አጣፋ፣ ደረቱን ነፋ፣ ድምፁ ቁርጥ አጎትየውን ሆነ። «‹እኔ የቄስ ልጅ፣ ድመት አይደለሁም!›»

አያ ሙላት ንፍሮው ትን አላቸው። አባታችን መስቀላቸውን እንደያዙ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እናቴ «ወይኔ ወገቤን!» አለች። ደሴም ሳቀ... ከልቡ፣ እስከ መንጋጋው!

እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ደሜ ፈልቶ አፈጠጥኩበት።

«ሁሉንም ታውቀዋለህ?»

«ይሰማኛል እኮ...» አለ እያፈረ። «ወንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ሲገለፍጥ ምን ይባላል ብዬ ነው እንጂ... ሳቄ ሲመጣ ወጣ እያልኩ እስቅ ነበር።»

ወይ ጉድ! ለካ በየመሀሉ «በጎቹን ልይ» እያለ ተነስቶ የሚወጣው በረት ገብቶ ሊስቅ ነው!

ታረቅን። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከወንድሜ ጋር እንደገና እየለቀመ እንዲያመጣ ሽማግሌዎቹ ፈረዱበት፤ እኔም የፍላሹን ነገር ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ሳቁን ለበጎች እየሰጠ፣ እኔን አጠገቡ ብቻዬን እንድስቅ መተዉን... እሱንስ ጳጳስ ቢልክም አልተውለትም!