የሺ ብቻዋን ወፍጮ ቤት የሄደች ቀን

እህቴ የሺ ትልቅ ሴት ናት። ነገር የሚገባት ግን ቀስ ብሎ ስለሆነ ብቻዋን የትም ልከናት አናውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ደብረ ታቦር ወፍጮ ቤት ድረስ አብረን ስንመላለስ ከረምንና አንድ ጠዋት፣ "ዛሬ እኔ ቤት ነኝ። ብቻሽን ሂጂ" አልኳት። ገብሷን ተሸክማ ወጣች።

አላስቻለኝም። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከኋላዋ ተከተልኩ። ስትቆም እቆማለሁ፤ ስትሄድ እሄዳለሁ። ወፍጮ ቤት ገብታ ተራዋን ጠበቀች። ስታስፈጭ ከበሩ ጥግ አጮልቄ እያየኋት ሳለ አንዲት እናት ጋቢዬን ከኋላ ጨምድደው ያዙኝ።

"ይቺን ልጅ ከገበያው ጀምሮ እየተከተላት ነው" አሉ ለሰዉ።

ሰው ከበበኝ። ወንድሟ ነኝ ብል ማን ይስማኝ። ያም ሆኖ እፎይ አልኩ፤ ለካ የሚጠብቃት እኔ ብቻ አልነበርኩም። እናትየዋ ጋቢዬን ከፊቴ ገለጡና "ልጄ፣ ወንድምሽ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቋት።

የሺ የዱቄቷን ከረጢት እያሰረች ትክ ብላ አየችኝ።

"ወንድሜ ዛሬ ቤት ነው" አለች።