እስቴ ላይ ፍሬኑ የከዳን ዕለት

ያን ዕለት ጠዋት ከባሕር ዳር ከመነሣታችን በፊት ከዳኮታ አውሮፕላናችን የግራ ጎማ ፍሬን ዘይት ሲንጠባጠብ አየሁ። ረዳት አብራሪ ነበርኩ። ለጣቢያው ሹም ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ጎንደር የሚሄዱት ፊታውራሪ ተሳፍረው እየጠበቁ ነው። ስትመለሱ ይታያል» አለኝ።

ካፒቴኑ ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው፤ ያዘ። «እንግዲህ እንሂድ» አለ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

እስቴ ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ አጠገብ የምናርፍበት ሜዳ የከብት መስክ ነበር። ሕዝቡ ከገበያ ወጥቶ ዳሩን ይዞ ቆሟል። ዳኮታችን አርፋ ጅራቷ መሬት እንደነካ ነፋሱ አፍንጫዋን በስተቀኝ ወዳለው ሰው ያዞር ጀመር። ፍጥነቷ ከቀነሰ በኋላ የጅራቷ መሪ አይረዳም፤ የሚያቀናት የግራው ፍሬን ብቻ ነው። ካፒቴኑ ረገጠ። እግሩ እስከ ወለሉ ሰመጠ።

«ፍሬን የለም!»

የቀኙን ሞተር እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሞተሩ አጓራ፤ አፍንጫዋ ወደ ግራ ተወረወረ፤ ክንፏ መሬት ላይ በተደፉት ሰዎች አናት ላይ አለፈ። «አጥፋ!» አለኝ፤ ሁለቱንም ሞተር አጠፋሁ። ዞራ ዞራ አቧራ ውስጥ ቆመች።

ማንም አልተጎዳም። ስወርድ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ከአፈር እያነሡ፣ «ልጄ፣ ምን አድርገናችሁ ነው የመጣችሁብን?» አሉኝ። የጎረቤቱ አገር የስማዳ ልጅ ነኝ፤ አነጋገራቸው የእናቴ ነው።

ፊታውራሪው ከኋላዬ ወረዱ። ወደ ሰዉ ዞር ብለው አላዩም።

«አስነሡት! ዛሬ ጎንደር መግባት አለብኝ።»

«ፍሬን የለንም፣ ጌታዬ። ስትንደረደር አቅጣጫዋን ልንይዝ አንችልም» አለ ካፒቴኑ።

«ይኼ ሁሉ ገበሬ ቆሞ? በገመድ ግራና ቀኝ ይዘው ያቅኑት!»

ጆሮዬን አላመንኩም። ደሜ ፈላ። ካፒቴኑ ግን ድምፁን ሳያነሣ፣ «ሰው ገመድ አስይዤ ከሚሽከረከር ብረት አጠገብ አላቆምም» አለ።

«ከሥራህ አስነቅልሃለሁ!»

«ያስነቅሉኝ።»

ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ» አለኝ። ከሜዳው ትልልቅ ድንጋይ እየለቀምኩ፣ እያንዳንዱን በንዴት እየጣልኩ አስደገፍኩ። ፊታውራሪው እየተራገሙ በበቅሎ ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ።

በማግስቱ መካኒክ መጥቶ የተሰነጠቀውን የፍሬን ቱቦ ቀየረ። ባሕር ዳር ስንደርስ ሹሙ ጥፋቱን በካፒቴኑ ላይ አሳብቦ ጠበቀን፦ ካፒቴኑ ፈጥኖ ስላረፈ ነው አለ። ዘይቱን አይቼ መናገሬን ለአለቆች መሰከርኩ። «አንተ ገና ልጅ ነህ» ተባልኩ። ካፒቴኑን ለወራት ከበረራ አገዱት። ሹሙ አዲስ አበባ በእድገት ተዛወረ።

ከዓመታት በኋላ ሹሙን አንድ ሠርግ ላይ አገኘሁት። እጁን ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም፤ አሁንም ባገኘው አልጨብጠውም።