ብርድ ያላየው ካፖርት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አልጋነሽ ደወሉልኝ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው። በጦርነቱ ምክንያት ካርቱምን ለቀን አዲስ አበባ የገባን ሰዎች በወር አንድ ጊዜ እንገናኛለን፤ ግማሹን ባማርኛ፣ ግማሹን በዐረብኛ እያወራን ቤታችን የነበረውን አገር እናነሳለን። ወይዘሮ አልጋነሽ ነገር ማዞር አይወዱም።

«አቶ ግርማ፣ የሜሮንን ሽኝት ለመቼ እናድርገው? ጾሙ ሳይገባ ይሁን ብለናል። ከገባማ ዶሮ የለ፣ ምን የለ። በሹሮ ሰው አይሸኝም።»

ሜሮን የመጨረሻ ልጄ ናት። አውሮፓ ሄዳ እየሠራች የነርስነት ሙያ የምትማርበት ቦታ አግኝታለች። ለዚያ ያመለከተችው የመኖሪያ ፈቃድ ግን ገና አልመጣም፤ ወራት ይፈጃል ተብላለች። በዚህ መሐል አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «የስድስት ወር የእርሻ ሥራ ፈቃድ ቶሎ ላውጣልሽ፤ ዋናው መግባት ነው» ብሏታል። ልጄም ልቧ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀምሯል።

ለወይዘሮ አልጋነሽ «መልሼ እደውላለሁ» አልኳቸውና ዘጋሁ።  ለእኔም እንዲህ ያለ ሽኝት አንድ ጊዜ ተደርጎልኛል።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ካርቱም፣ ጀብራ በሚባለው ሰፈር በአንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ ከጽጌ ጋር እንኖር ነበር። ከተጋባን ገና አንድ ዓመታችን ነው። እሷ ቡሪ በሚባል ሰፈር በአንድ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ እኔ የተቃጠለ ሞተር ፈትቼ ሽቦውን በአዲስ እጠመጥማለሁ። የካርቱም ሰው ያለ ማራገቢያና ያለ ውሃ ማቀዝቀዣ በጋውን አይወጣውም፤ ስለዚህ ሥራ አልጠፋብኝም። ጧት ፉሌን በሰሊጥ ዘይት በልቼ ወጥቼ ማታ የቫርኒሽ ሽታ ልብሴ ላይ ይዤ እመለሳለሁ።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። የተቃጠለውን እየፈታሁ፣ ሽቦው እንዴት እንደዞረ እያየሁ ነው የለመድኩት። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። አስተማሪ የሌለው ሰው ምን እንደሚጎድለው ስለማውቅ ነው። ሞተሩ እንዲዞር ማድረግ እችል ነበር፤ ለምን እንደሚዞር ግን አላውቅም ነበር። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር።

ጽጌ በምትሠራበት መንገድ ላይ አንድ አውሮፓዊ የውሃ ፓምፕ መሐንዲስ ይኖር ነበር። የተቃጠለበትን ሞተር ጠገንኩለትና ወደደኝ። አገሩ ያለ ወንድሙ የሞተር ጋራዥ እንዳለው ነገረኝ፤ ወጣቶች እየተቀበለ ግማሹን ሳምንት ያሠራል፣ ግማሹን ትምህርት ቤት ይልካል። ሁለት ዓመት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሚስትህን ማምጣት ትችላለህ አለኝ። የአገሩን ስም አልጽፍም። ሕጋቸው ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ማንም የእኔን ታሪክ ይዞ ኤምባሲ በር ላይ እንዲቆም አልፈልግም።

መሐንዲሱ ቋንቋቸውን የምማርበት ሥዕል ያለው መጽሐፍ ሰጠኝ። እኔ ከሥራ ደክሜ ስመጣ ዐይኔ ይከደናል። ጽጌ ግን መጽሐፉን ማንቆርቆሪያው ላይ አስደግፋ ሽንኩርት እየላጠች ታነባለች። አንድ ገጽ ላይ ቤትና ዛፍ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። እኛ የምናውቀው በረዶ በአህያ ጋሪ እየመጣ በመጋዝ ተቆርጦ የሚሸጠውን ነው። «ይሄ ሁሉ ከሰማይ ወርዶ ማነው የሚጠርገው?» አለችኝ። ቃሉን ከእኔ ቀድማ ያዘችው። ሁሉንም ቃል ከእኔ ቀድማ ነው የያዘችው።

ወሬው ካርቱም የነበረን ማኅበር ዘንድ ደረሰ። ያኔ ሰብሳቢያችን ጋሽ ተፈራ ነበሩ፤ የመኪና ጎማ ነጋዴ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው። ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«ጾሙ ሊገባ ነው፤ ያላ፣ ልጁን እንሸኘው» አሉ።

«ጋሼ፣ ፈቃዱ እኮ ገና አልመጣም» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ ይመጣል። ዶሮዋ ግን ቅበላን አታልፍም።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እዚያ ላይ እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እኛ ዘንድ የሰው ደግነት ሲመጣ ፊት አይነሳም፤ እኔም ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከጾሙ በፊት በነበረው እሑድ ግቢያችን ውስጥ፣ ከሰንበሌጥ በሠራነው ዳስ ሥር፣ ሰው ሞልቶ በላ ጠጣ። ሲያበቃ ጋሽ ተፈራ ተነሡና ማኅበሩ ያዋጣበትን ስጦታ አወጡ። ወፍራም ጥቁር ካፖርት ነው፤ ገበሩ ቀይ፣ አንገቱ እንደ በግ ጠጉር። በዚያ ሙቀት አለበሱኝ። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ፎቶ ተነሳሁ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ጋሽ ተፈራ «ስትሞቅበት አስታውሰን» ብለው መረቁኝ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ጽጌ ካፖርቱን ምስማር ላይ ሰቀለችው። «ፈቃዱ ሳይመጣ ብርዱ መጣ» አለች። ስቃ ነበር።

በዚያው ሳምንት ያስገባሁት ማመልከቻ ምን ላይ እንደደረሰ ልጠይቅ ኤምባሲ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጡት አንዲት ሱዳናዊት ትልቅ ሴት ነበሩ። የሥልጠናው ማመልከቻ አገራቸው ተልኮ እንደሚመረመር፣ መልሱ ከኸሪፍ ማለትም ከዝናቡ ወራት በፊት እንደማይመጣ ነገሩኝ። የወቅት ሥራ ፈቃድ የሚባል ሌላ መኖሩን ከሰው ሰምቼ ነበርና ጠየቅኳቸው።

«እሱ ቶሎ ይወጣል» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ለፍራፍሬ ለቀማ ብቻ ነው። ለቀማው ሲያልቅ እሱም ያልቃል። እዚያ ሆነህ ወደ ሥልጠና አታዞረውም፤ ሚስትም አታመጣበትም። ደግሞ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትጠይቅም። አስበህ ና።»

ይህን በደንብ ሰምቻለሁ። አልነገሩኝም ብዬ ማንንም አላማም።

ጾሙ ገብቷል፤ የእሑዶቹ ፈተናም ጀመረ። በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ውይ፣ አለህ እንዴ?» አሉኝ። በሁለተኛው «መቼ ነው ታዲያ?» ሆነ። በሦስተኛው ያቺ ለእኔ ያለቀሰች ሴትዮ አይታኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እንባዋን በከንቱ ያስጨረስኳት መሰላት። ሥራ ቦታማ ይባስ ነበር። «አውሮፓዊው መጣ፣ ወንበር አምጡለት» ይሉኛል። አንዱ ደግሞ «ጀብራን አውሮፓ ብለው ቀይረውት ነው እንጂ እሱስ ሄዷል» አለ። ክፋት አልነበረበትም። ተሸኝቶ ያልሄደ ሰው ለራሱም ለሰውም ግራ ነው፤ ምን እንደሚባል ማንም አያውቅም።

እሑድ እሑድ መደበቅ ጀመርኩ። ሀፍላ ተሳፍሬ፣ በዚያ በተጨናነቀ ሚኒባስ አቧራ እየጠጣሁ፣ እስከ ሶባ ድረስ አንድ ጓደኛዬ ዘንድ እሄዳለሁ። ጽጌ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።

አንድ ቀን ስመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አሞታል እያልኩ ለስንት ሰው ልዋሽ? በጾም?»

«ከዚህ በኋላ አትዋሺም» አልኳት። «የለቀማውን ፈቃድ እወስዳለሁ። ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።»

ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈች። ከዚያ «ኸሪፍ ምን ሩቅ ነው?» አለች። «አንድ ዝናብ ነው። እኔ አብሬህ እጠብቃለሁ።»

«ዋናው መግባት ነው። ወረቀቱ እዚያ ይስተካከላል። የእኔ ኢቃማ ምን ይላል? ወጥ ሠሪ። ስንት ዓመት ሞተር ስጠመጥም ማን ጠየቀኝ?»

«ወጥህን ቢቀምሱ ኖሮ ያባርሩህ ነበር።»

ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳዝነኛል፤ ክርክሩ በሳቁ ተዘጋ። እኛ የካርቱም ሰዎች ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት ማለት ፖሊስ ሲይዝህ ከኪስህ የምታወጣው ነገር ነው ብለን ነው የኖርነው። የተጻፈበት ምክንያት እውነት ይሁን አይሁን ማንም አይጨነቅም። እኔም የዚያን አገር ወረቀት በእኛው ለካሁት። ግን ሐቁን ልናገር ካልኩ ይህም ሰበብ ነበር። ያስኬደኝ የቤተ ክርስቲያኑ በር ነው።

የሥልጠናውን ማመልከቻ አንስቼ የለቀማውን ፈቃድ ወሰድኩ፤ ከፋሲካ በኋላ ሄድኩ። ካፖርቱን በክንዴ ይዤ ነው አውሮፕላን ውስጥ የገባሁት።

ስለ ለቀማው ብዙ የምለው የለኝም። እንጆሪ፣ ቀጥሎ ኮክ፣ ቀጥሎ ወይን። ሥራው ወገብ ይቆርጣል፤ ደሞዙ ደህና ነበር። አንድ እሑድ በባቡር ወደ መሐንዲሱ ወንድም ጋራዥ ሄድኩ። ሰውየው እጁ በግራሶ ተለውሶ ተቀበለኝ። ያዘጋጀልኝን ጠረጴዛ አሳየኝ፤ ከመስኮት ሥር ነበር። ሞተር ለምን እንደሚዞር ጠየቅኩት፤ በያዝኳት ጥቂት ቃልና በእጄ። ገባው። ጠመኔ አንስቶ ጣውላ ላይ እየሣለ፣ ክብ እያዞረ፣ ቀስት እየሰካ አስረዳኝ። ሥዕሉ ገባኝ፤ ንግግሩ አልገባኝም። ጽጌ አብራኝ ብትሆን ይገባት ነበር። ይህን ያሰብኩት እዚያው ቆሜ ነው።

ሰውየው የከተማውን ጽሕፈት ቤት ጠየቀልኝ። መልሱ ካርቱም መስኮት ላይ የሰማሁት ነበር፤ ወደመጣህበት ተመለስና እንደ አዲስ አመልክት። የትምህርቱ ዓመት ደግሞ በመከር ይጀመራል። መጠበቅ አልቻለም፤ ጠረጴዛውን ለሌላ ሰጠው። አልፈርድበትም።

ፈቃዴ ሲያልቅ የዛፉ ቅጠል ገና ቢጫ እየሆነ ነበር። በመጨረሻው ጧት ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ካፖርቱን ከሻንጣ አወጣሁት፤ ሳልለብሰው ፀሐይ ወጣች። አብረውኝ የሠሩ ልጆች «ጥፋ፤ ማን ይፈልግሃል?» ብለውኝ ነበር። አልጠፋሁም። ሕግ አክባሪ ስለነበርኩ ነው አልልም። ጽጌ ካርቱም ስለነበረች ነው።

ጀብራ ስደርስ የኸሪፉ ጭቃ መንገዱ ላይ ገና አልደረቀም። ጎረቤቶቻችን ካፖርቱን ክንዴ ላይ ሲያዩ አንዳንዱ «እንኳን በሰላም መጣህ» አለኝ፤ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ኤምባሲ ስሄድ ሴትዮዋ አስታወሱኝ። እኔ ባመለከትኩበት ሰሞን ለሥልጠና ያመለከቱት ሰዎች ፈቃድ በዚያው ወር መምጣቱን ነገሩኝ። ብጠብቅ ኖሮ በተመለስኩበት ወር እሄድ ነበር። መሐንዲሱ ደግሞ ሥራው አልቆ አገሩ ገብቷል።

ጽጌ አልወቀሰችኝም። መጽሐፉን ግን ከማንቆርቆሪያው አጠገብ አጣሁት። የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በኋላ ካርቱም ልጆች ወለድን፣ አሳደግን፣ ሞተር ጠመጠምኩ። መጥፎ ኑሮ አልነበረም። ልጆቼ ግን ደረቅ አባት ይሉኛል። ፈተናው ሳይታረም «ጎበዝ» አልልም፤ ቀለበት ሳይታሰር «እንኳን ደስ አላችሁ» አይወጣኝም። ደስታቸውን ብዙ ጊዜ ቀንሼባቸዋለሁ፤ አውቀዋለሁ። ካፖርቱ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ኖረ፤ ከጀብራ ስንወጣም እዚያው ቀረ። ማን እንደለበሰው አላውቅም።

እሑድ ዕለት ማታ ለወይዘሮ አልጋነሽ መልሼ ደወልኩ።

«ሽኝት አሁን የለም» አልኳቸው። «ፈቃዷ እጇ ሲገባ፣ ጾምም ቢሆን፣ በሹሮ ትሸኙልኛላችሁ።»

«እርስዎ ሰው ደስ ሲለው አይወዱም» አሉኝ። ትንሽ እውነት አለበት።

ሜሮን ይህን ሰምታ ከክፍሏ ወጣች። «አባዬ፣ ሰው ሁሉ እኮ ሰምቷል። ለስንት ወር እዚህ ሲያየኝ ምን እላለሁ?»

«እየጠበቅኩ ነው በይ።»

«እሱን ማለት ቀላል መሰለህ?»

«አይደለም» አልኳት። «ለእኔ አልሆነልኝም። እሑድ እሑድ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሲጠይቁሽ እኔ እመልሳለሁ።»

አላመነችኝም፤ ግን አስፈጻሚውን እንቢ ብላዋለች። ፈቃዱ ይምጣ አይምጣ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ሰው ትክክለኛውን መርጦም ሊቀርበት ይችላል። እኔ የሚቆጨኝ መቅረቴ አይደለም፤ አብሬህ እጠብቃለሁ ያለችኝን ሰው ትቼ፣ ደጅ ላይ ቆመው ለሚጠይቁኝ ብዬ መሄዴ ነው።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት ሜሮን ሳሎን ቁጭ ብላ ቃላት ታጠናለች። የምትሄደው ወደዚያው አገር ነው። በስልኳ ሥዕል ይመጣላታል፣ እሷ ስሙን ትላለች። ቅድም በረዶ የለበሰ ቤት መጣላትና ቃሉ ጠፋባት። ጽጌ ከኩሽና፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል ነገረቻት። አንድም ፊደል አልሳተችም።

«እማዬ! ከየት አወቅሽው?»

ጽጌ እኔ ወዳለሁበት አልዞረችም። «ቀጥዪ» አለቻት፤ «የሚቀጥለው ምንድን ነው?»