የመቶ ሃያ ቀን ወንድም

የደም ከረጢት ሙቅ እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። ከክንድህ የወጣው ደም በቀጭኗ ቱቦ ወርዶ ከረጢቱ ውስጥ ሲጠራቀም፣ ነርሷ አንስታ ለአፍታ ክንድህ ላይ ብታስደግፈው፣ አሁን ከእናቱ ክንፍ ሥር እንደወጣ ጫጩት ይሞቃል። ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ደም ልሰጥ ጋደም ባልኩበት ያ ሙቀት ክንዴን ነካኝና ከአልኮሉ ሽታ ጋር ተባብሮ ፍኖተ ሰላም ወሰደኝ። ነርሷ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ፈሩ እንዴ? ዓይንዎ እንባ አቀረረ እኮ» አለችኝ። «ኧረ ምን ያስፈራኛል፣ አልኮሉ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነው።

ያን ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ማንኩሳ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም አንዲት ጭቃ ቤት ተከራይቼ፣ በየሳምንቱ ስንቄን ተሸክሜ እመላለሳለሁ። በዚያው ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ግድግዳ ለግድግዳ፣ ከገበዝ ማርያም የመጣች የክፍሌ ልጅ ተከራይታ ነበር። ደገኛ ናት፤ ጉንጯን ብርድ ያቀላው፣ ስትናገር ረጋ፣ ስትቆጣ ግን መንደሩ የሚሰማት። እወዳት ነበር። ይኸው ዛሬ ተናገርኩት፤ ያኔ ለራሴም አልነገርኩት። ሽሮዋ ሲያርባት ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ ይደርሰኝና «አረረልሽ!» ብዬ እጮኻለሁ። «አንተን ማን ጠየቀህ፣ የራስህን ጠብቅ!» ትለኛለች። ከዚህ የተሻለ የፍቅር ቃል አልነበረኝም።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ከተማው እንደ ልማዱ የየደጁን ቆሻሻ ሰብስቦ ሲያጥን፣ ሰፈሩን ጭስ ሸፍኖት ነበር። እሷን ወባ ከያዛት ሰነባብቷል፤ የቆላን ወባ ደግሞ የደጋ ልጅ አትችለውም። ከክፍሏ ወጥታ ደፉ ላይ ቁጭ አለችና «ጭሱ ነው መሰለኝ፣ ዓይኔን ጨለም አለኝ» ብላ ወደ ጎን ወደቀች። ከንፈሯ ወረቀት መስሏል። በጋሪ ጭነን ሆስፒታል ወሰድናት። መንገዱን ሙሉ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ «አይዞሽ፣ ደረስን፣ ደረስን» እላለሁ፤ ገና ግማሽ መንገድም አልሄድንም።

ሐኪሙ የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ወባው ደሟን ጨርሶታል። እስከ ነገ ደም ካላገኘች አትቆይም። ዘመድ ጥሩ» አለ። አንዱ ጓደኛችን በአይሱዙ ተሳፍሮ ወደ ገበዝ ማርያም በረረ፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ አባቷ ደረሱ። ረዥም ሰው ናቸው፤ ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው ገቡ፤ ሳይቀመጡ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ከኔ ቅዱ። ሁሉንም ቢሆን ቅዱት» አሉ።

የላቦራቶሪው ሰው ጣታቸውን ወግቶ ጠብታ ደም ወሰደ፤ መስታወቱን በብርሃን አየና ራሱን ነቀነቀ። «አባባ፣ የእርስዎ አይገጥማትም።»

«እንዴት አይገጥምም? እኔ አይደለሁ የወለድኳት!»

ልጅ የእናቷን የደም ዓይነት ልትወስድ እንደምትችል፣ ይህ የትም የሚያጋጥም ነገር እንደሆነ ቢያስረዳቸው አልሰሙትም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ወንዱን ጦርነት በላብኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን። «የቀረችኝ አንድ እሷ ናት። እሷን ደግሞ የገዛ ደሜ እምቢ ይበላት?»

ከደጅ የቆምነው ሦስት ተማሪዎች ነበርን። ያን ጊዜ ደም መስጠት እንዲህ እንደ ዛሬው የሚኮራበት ነገር አልነበረም። የሰጠ ሰው ይደርቃል፣ ማረሻ የሚይዝበት ጉልበት አይኖረውም፣ ሲብስም ልጅ አይወልድም ይባላል። አንዱ «ሽንቴን ሸንቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬ እየሸና ነው። ሁለተኛው መርፌውን ገና ሲያይ ራሱን ስቶ ተዘረረና እሱን ማንሳት ሌላ ሥራ ሆነብን። እኔ ቀረሁ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልህ፤ መርፌውን ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ግን ያን ቀን ደም ቀርቶ መቅኔዬን ቢጠይቁኝም እሰጥ ነበር።

የኔ ገጠመ።

ከረጢቱ አልጋዋ ራስጌ ተሰቀለ። አባቷና እኔ ግራና ቀኝ ቆመን ጠብታዋን እንቆጥራለን፤ ጠብ፣ ጠብ ትላለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊቷ ላይ ስታርፍ ከንፈሯ ቀላ ማለት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው። ዞረው መጡና ጥጥ የተለጠፈበትን ክንዴን ሳሙት።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህ፤ የሷም ወንድም ነህ» አሉኝ። «የኔን ደም እምቢ ብላ ያንተን እሺ ካለች፣ እግዚአብሔር ያሳየኝ ነገር አለ።»

ደስ ብሎኝ «እሺ አባባ» አልኩ። ጅል! ምን ላይ እንደፈረምኩ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ገበያተኛ ወደ ፍኖተ ሰላም በመጣ ቁጥር ለእኔ የተላከ ነገር አይጠፋም። ጾም ስለነበር መጀመሪያ ማርና በሶ መጣ፤ ጾሙ ሲፈታ ቅቤው ተከተለ። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደምህን ይተካልሃል፣ ብላ»። ፊቴ አብጦ ሱሪዬ ጠበበኝ። እሷም ድና ተመልሳ ነበርና፣ በግድግዳው ስንጥቅ «አንተ፣ ደምህ እስካሁን አልተተካም?» እያለች ትስቅብኛለች። ያን ሳቅ ለመስማት ስል «ኧረ ገና ነው» እላለሁ።

ለገና ቤታቸው ተጠራሁ። አባቷ በዘመዱ ሁሉ ፊት እጄን ይዘው አዞሩኝ፤ «ልጄ ይኸውላችሁ!» እናቷ የሟች ልጃቸውን ከል እንደለበሱ ነበሩ፤ ጥቁሩ ታጥቦ ታጥቦ ነትቧል። እያነቡ ሳሙኝ። ምግብ ከቀረበ በኋላ አጎቷ፣ ሞቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ እኔንና እሷን አይተው «አንተ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አግኝተህ ምን ትጠብቃለህ? ለምን አትድርለትም?» አሏቸው አባቷን።

የአባቷ ፊት ጠቆረ።

«እግዚኦ በል አንተ! እህቱን? ደሙ በደም ሥሯ እየሄደ? እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን፤ ይኼ እኮ አንድ ቤትም አይሞላ!»

ጠላው ትን አለኝ። እናቷ ጀርባዬን እየመቱ «እኔን! እኔን ልጄ!» ይላሉ። እሷ የጠላውን ማሰሮ ይዛ ቆማ ነበር፤ ቀና ሳትል ወደ ጓዳ ገባች። እንግዲህ ፍቅሬን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ የተከለከልኩ ዕለት።

ጥርን እንደ ታማሚ ከረምኩ። የካቲት ላይ የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ደም ሲያስተምር፣ የጠመኔ አቧራ እጁ ላይ እንዳለ፣ «ቀይ የደም ሴል የሚኖረው መቶ ሃያ ቀን ገደማ ነው፤ ከዚያ ይሞታል። አዲሱን የሚሠራው መቅኔ ነው» አለ። እስኪብርቶዬ ከእጄ ወደቀ። እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ከሌላ ሰው የተሰጠ ደምስ?»

«እሱም ያው ነው። ያልቃል።»

እሷ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር፤ ጆሮዋ ሲቀላ ከኋላ አየሁት።

ያን ዕለት ደብተሬ ጀርባ ላይ ደሜን ከሰጠሁበት ከኅዳር አሥራ ሦስት ጀምሬ ጭረት አሰመርኩ። ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆኑ ደግ ነገር ነው፤ መጋቢት አሥራ ሦስት ላይ ልክ መቶ ሃያ ይሞላል። በየቀኑ ጠዋት አንዲት ጭረት እጨምራለሁ። የሰው ልጅ ደሙ ሲያልቅ ያለቅሳል እንጂ እንደኔ በጉጉት የሚጠብቅ ያለ አይመስለኝም። የባሕር ዳሯ ነርስ ባለፈው ሳምንት፣ በውጭ አገር መቅኔ የሚሰጡ ሰዎች እንዳሉ፣ የሰጡትም መቅኔ በተቀባዩ አጥንት ውስጥ ዕድሜ ልክ ደም ሲሠራ እንደሚኖር ስትነግረኝ፣ «እንኳን ያኔ አልነበረ!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ግራ ገባት።

መጋቢት አሥራ ሦስት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከየአጥሩ የማንጎ አበባ ይሸታል። ግቢያችን በር ላይ አስቆምኳት።

«ዛሬ አለቀ» አልኳት።

«ምኑ?»

«ደሜ። ካንቺ ውስጥ። አሁን ያለሽ በሙሉ የራስሽ ነው።»

ደብተሩን ገልጬ ጭረቶቹን አሳየኋት። ቆማ አየቻቸው፤ በጣቷ አንድ ረድፍ ተከትላ ሄደች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ሁሉንም ቀን ቆጠርከው?»

«አንድም አልዘለልኩም።»

«ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለአባባ ንገራቸው እንጂ!» አለችና ሮጣ ክፍሏ ገባች። እኔ ደብተሬን እንደታቀፍኩ ፀሐዩ ላይ ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እውነቴን ነው።

ወጉ ሽማግሌ መላክ ነው። ግን ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አባቷ የደሙን ነገር መረዳት ነበረባቸው። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ አይሱዙ ላይ ተጭኜ ሄድኩ፤ እሷ ቀድማኝ ለበዓሉ ቤቷ ገብታለች። ደብተሬን በብብቴ ይዤ መንገዱን ሙሉ ንግግሬን አጠና ነበር። «አባባ፣ የሰጠኋት ደም እንጂ መቅኔ አይደለም። ደሙም አልቋል። ወንድሟ የነበርኩት መቶ ሃያ ቀን ነው፤ ጨርሻለሁ።»

ደጃፍ ላይ የተቀበለችኝን ሴት አላወቅኋትም። ነጭ በነጭ የለበሰች፣ ጠጉሯን የተሠራች። ሳቅ ስትል ነው እናቷ መሆናቸውን የለየሁት።

አባቷ ከኋላ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «አየህልኝ? ቄሱ ቢለምኗት፣ ዘመድ ቢለምናት ከሏን አላወልቅም ብላ ስንት ዓመቷ። ዘንድሮ ለፋሲካ በራሷ አወለቀችው። ወንድ ልጄ ሲመጣ በጥቁር አልቀበለውም አለች።»

እናቷ ወደ ውስጥ ገብተው ከሳጥን ጋቢ አውጥተው መጡ። የልጃቸው ነበር። ሳጥን ውስጥ የቆየ ልብስ ሽታ ነበረው። ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና እጃቸውን ቶሎ አላነሱም። «ልክህ ነው» አሉኝ። «ልክህ ነው፣ የኔ ጌታ።»

አባቷ ከብብቴ ሥር ያለውን አዩ። «እሱ ምንድን ነው?»

«የባዮሎጂ ደብተር ነው አባባ።»

«በበዓልም ታጠናለህ! ጎበዝ ልጄ!»

አማች ሌላ፣ ልጅ ሌላ ነው። ደብተሩን ብገልጠው ለእኚያ ሴት አማች እሰጣቸው ይሆናል፤ ወንድ ልጃቸውን ግን ሁለተኛ እገድልባቸዋለሁ። ጋቢው ከብዶኝ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን ሰነበትኩ፤ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ከአባቷ ጋር ማሳ አየሁ። አፌን ስንት ጊዜ ከፍቼ ስንት ጊዜ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ እሷ ቡሬ ትኖራለች፤ ልጆቿ አጎቴ ይሉኛል፤ አባቷ ሲሞቱ በልጅ ወግ ሐዘን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አልጸጸትም ብል እዋሻለሁ፣ እጸጸታለሁ ብልም እዋሻለሁ።

ስሄድ አባቷ «ወንድምሽን ሸኚው» አሏት። መኪናው እስከሚቆምበት አብረን ወረድን። ብርድ ነበር፤ ባሕር ዛፉን ነፋስ ያንሿሿዋል።

«አልነገርካቸውም» አለች።

«አልነገርኳቸውም።»

ትንሽ ሄድን። ቆም አለችና ከትከሻዬ የተንሸራተተውን ጋቢ አስተካከለችልኝ። «ትናንት እማማ ሲስቁ ሰማኋቸው» አለች። «ሳቃቸው እንደዚያ መሆኑን ረስቼው ነበር።» ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ አላበሰችውም።

አይሱዙው እየተንገጫገጨ መጣ። ላዩ ላይ ወጥቼ ከእህል ጆንያው መሃል ተቀመጥኩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጇን አነሳችልኝ።

«በል ደህና ግባ፣ ወንድምዓለም» አለችኝ።

እስከዚያች ቀን ድረስ በስሜ ነበር የምትጠራኝ።