ከኋላችን የሚነዳው ሰውዬ

ያን ሰሞን ነገሌ ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ስኳር ልገዛ ስገባ እንኳ ባለሱቁ መጀመሪያ ከኋላዬ ማን እንዳለ ያያል። እኛ ግን እሁድ እሁድ ጠዋት ብስክሌት እንነዳ ነበር፤ እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴና ሁለት አስተማሪዎች። በወደራ መንገድ ትንሽ ሄድ ብለን መመለስ ነው፣ በቃ። ቀይ አፈር፣ ግራር፣ የጎማ ድምፅ። ምንም ሳይሆን የሚያልፍ ጠዋት እንዴት እንደሚጣፍጥ የተጨነቀ ሰው ነው የሚያውቀው።

የእኔ ጭንቀት ወንድሜ ነበር። ሰው ጠቁሞበት ይፈለግ ስለነበር ተልተሌ ዘመድ ቤት ልከነዋል። የተያዘ ደግሞ ቶሎ አይመለስም። ከእናቴና ከእኔ ሌላ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር የማምነው።

ታዲያ አንድ እሁድ አምስተኛ ሰው መጣ። የወታደር ልጅ ነው፣ ካምፕ ያደገ። ሁልጊዜ ከኋላ ይነዳል፤ ደግሞ ምንም አይጠይቅም። እኛ ጋ ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰዉ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡስ፣ ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ ይባባላል። ሳይጠይቅ የሚያልፍ ወይ ተጣልቷል ወይ የሚደብቀው አለ።

«ጆሮ ጠቢ ነው እልሻለሁ» አልኳት ልብስ ሰፊዋን።

«ከኋላ ሆኖ ምን ይሰማል? ያንቺን ማለክለክ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ያሳክከኝ ጀመር።

አንድ ቀን ግመሎች የሚነዱ ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኘን። የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ወርደን ሰላም አልናቸው። «አካም፣ ናጋ?»፣ እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ነው ወይ ብለው ሰዉንም ከብቱንም ጠየቁን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ፣ «ወንድምሽስ? ተልተሌ ዝናብ ጣለለት?» አሉኝ።

«ናጋ ነው አባ» ብዬ ብስክሌቴን ያዝኩ። የካምፑ ሰውዬ ከኋላችን ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ይነካካል። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ስንመለስ ሆን ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ።

«አንተ ሰው፣ ለምንድን ነው የማትጠይቀው?»

«ምኑን?»

«ማንንም፣ ምንንም!»

ሳቀ። «እህቴ፣ የካምፕ ልጅ ነኝ። ከጠየቅኩ፣ 'ይሄ ሰላይ' ትሉኛላችሁ። ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ነው።»

«እዚህ እኮ ሰላይ የሚባለው የማይጠይቀው ነው።»

«ይሄን ማን ነገረኝ?» አለ። እውነቱን ይመስላል። ደስ ሊለኝ ነበር፣ ግን ምላሴ አላረፈም።

«ኦሮምኛ ትሰማለህ?»

ትንሽ ነዳ። «ዝናብ የምትለዋን እሰማለሁ» አለ።

ካሉት ቃሎች ሁሉ እሷን!

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሳትቀመጥ ወጥታ ተልተሌ ለሚሄድ የታመነ ሰው መልእክት ሰጠች። ወንድሜ በዚያው ሳምንት ወደ ሜጋ ተሻገረ። ይፈልገው የነበረ ሰው ተልተሌ ይድረስ አይድረስ አላወቅንም፤ ወንድሜ ግን ነገሩ ሲበርድ በሰላም ቤቱ ገባ።

በቀጣዩ እሁድ ሰውዬው መጣ። ከብስክሌቱ ወርዶ፣ «እንዴት አደራችሁ? ቤቱ ደህና? ከብቱስ?» አለን።

«የኔ ከብት ዶሮ ናት፣ ደህና ነች» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

ወደ እኔ ዞረ። «ቤተሰብስ?»

«ናጋ» አልኩት።

ጆሮ ይሁን ቅን ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ያን ቀን፣ «አንተ ከፊት ንዳ» አልኩት፤ እሺ ብሎ ቀደመ። ጀርባውን እያየሁ እስከ ግራሮቹ ነዳን፣ ተመለስን። ምንም አልሆነም። ደስ ይል ነበር።